የቀናችው አውራ ጣት

በሥራ ቦታችን እህቴን የሚጠሯት «ሚዛን» ብለው ነው። ስሙን ያወጡላት የጫማ ፎርማ ጠራቢው አባባ ናቸው፤ ለሁላችንም ስም የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። እኔን ምላሴን አይተው «ምላጭ» አሉኝ፤ አልተቀየምኳቸውም። እኔ ግን እህቴን እትዬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጫማዬን ግራና ቀኝ አቀያይሬ የማደርግ ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስለ እሷ ሳወራ እህትና እናት ቢምታቱብኝ አይፈረድብኝም።

የምንሠራው የሴት ጫማ በሚሠራበት ቤት ነው። ፎቅ ላይ ያለ አንድ ረጅም ክፍል ነው፤ መስኮቱ ቢከፈትም ባይከፈትም የማስቲሽ ሽታ አይወጣለትም። እኔ የጫማውን የላይኛውን ቆዳ እሰፋለሁ። ከክፍሉ ጫፍ ዝቅ ያለች ወንበር አለች፤ ከፊቷ እስከ ጉልበት ብቻ የሚያሳይ መስታወት፣ ቀጥሎ የምንጣፍ ቁራጭ፣ ቀጥሎ ባዶ ሸክላ ወለል፣ ከዚያ የትም የማያደርስ የእንጨት ደረጃ። ያቺ ወንበር የእትዬ ነበረች።

ሥራዋ ይህ ነው። አዲስ ዓይነት ጫማ ሲወጣ መጀመሪያ የምታደርገው እሷ ናት። ትነሳለች፣ ምንጣፉ ላይ ትሄዳለች፣ ሸክላው ላይ ትሄዳለች፣ ደረጃውን ወጥታ ትወርዳለች። ከዚያ ትናገራለች፤ እሷ ስትናገር የስፌት መኪናው ሁሉ ቀጥ ይላል። «እዚህ ጋ ይይዛል።» «ይሄኛው ይፍቃል፣ ማታ ላይ ይልጣል።» «ይሄ አሁን ጨዋ መስሏል፣ ደረጃ ላይ ግን ይናከሳል።» እግሯ ልክ ሠላሳ ሰባት ቁጥር ነው፤ አይጎድል አይተርፍ። አለቃችን ከእሷ አፍ ሳይሰማ አንድም ጫማ ወደ ሱቅ አይልክም ነበር። ባል አላገባች፣ የራሷ ልጅ አልወለደች፤ በሰፈር ውስጥ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ሴት ናት። እዚያች ወንበር ላይ ስትቀመጥ ግን ሰው ነበረች። ይህን የምለው ላዝንላት ብዬ አይደለም፣ እሷም ታውቀዋለች።

ጠባብ ጫማ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ስለሆነ፣ ከዓመታት በኋላ የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ወደ ጎረቤቱ ማዘንበል ጀመረ። ጣቱ ወደ ውስጥ ባዘነበለ ቁጥር ከሥሩ ያለው አጥንት ወደ ውጭ ወጣ፤ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ ጉብታ ሆነ። የእናታችንም እግር እንዲሁ ነበር። እናታችን የጫማዋን ጎን በቢላ ሰንጥቃ ጉብታውን ታስወጣው ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ በስንጥቁ ውሃ ይገባባታል። እንግዲህ የዘር ነው፤ ሥራው ደግሞ ታከለበት፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። እትዬ ቤት ስትገባ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ከንፈሯን ትነክሳለች እንጂ ሥራ ቦታ አንድ ቀን አመመኝ ብላ አታውቅም። ለእሷ ሕመም የጫማው ነው እንጂ የእሷ አልነበረም።

ከዚያ ሱቆች ጫማ መመለስ ጀመሩ። የመጀመሪያው ሲመልስ አለቃ ባለሱቁን ሰደበ። ሌሎቹ ሲከተሉ የተመለሰውን ይቆጥር ጀመር። ቅሬታቸው አንድ ነበር፤ ጫማው ከጎኑ ይላላል፣ ሳይውል ሳያድር ይተኛል፣ ጀልባ ነው የምትሸጡልን ወይ ብለው እስከ ማሾፍ ደረሱ። ቆዳው ነው ተባለ፣ ቆዳው ተቀየረ። ማስቲሹ ነው ተባለ፣ ማስቲሹ ተቀየረ። እኔም ስፌትሽ ነው ተብዬ ከአንድ ሰው ጋር ተኮራረፍኩ።

በመጨረሻ አባባ ከመደርደሪያው ጀርባ ድሮ የጠረቡትን፣ አቧራ የጠገበ ፎርማ አወጡ። ፎርማ ማለት ጫማው የሚወጠርበት የእንጨት እግር ነው። ያንን አሁን ከምንሠራበት ጋር ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አቆሙትና መነጽራቸውን አውልቀው ቁጭ አሉ። የአሁኑ ከአውራ ጣቱ ሥር አብጧል። እትዬ «እዚህ ጋ ይይዛል» ባለች ቁጥር እሳቸው እዚያው ቦታ ላይ ስስ ቆዳ ይለጥፉበታል፣ ጫማው እንዲሰፋ። በዓመት ላይ ዓመት፣ በቆዳ ላይ ቆዳ። እሷም ሐቀኛ ነበረች፣ እሳቸውም ሐቀኛ ነበሩ፤ ሁለት ሐቀኞች ተማምነው እንጨቱን በሽታዋን አስይዘውታል። የከተማው ሴት ሁሉ የእህቴን ጉብታ ተጫምቶ ሲሄድ ኖሯል።

የሳቀ ሰው አልነበረም፤ እኔ እንኳ አልሳቅኩም። አለቃ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለኝ። ሁለቱን ፎርማዎች እያገላበጠ ብዙ ከቆየ በኋላ፦

«ሚዛን፣ ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም» አላት። «ግን የሰው እግር ሁሉ እንደዚህ አይደለም። ሌላ እግር መፈለጌ አይቀርም።»

እትዬ እግሯን ከወንበሩ ሥር ሸሸገች። «እግሬን ባስተካክለውስ?» አለች።

«ይስተካከላል እንዴ?»

«ይስተካከላል አሉ። ይቆርጡና ያቀኑታል።»

«እንግዲያው ወንበርሽ ይጠብቅሻል» አለ። ቃሉንም ጠበቀ።

ሐኪሙ ረጋ ያለ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጥ ወጣት ነበር። አውራ ጣቷን ይዞ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ፣ የአጥንቱን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ የጠመመውን አሳየን። አጥንቱን ቆርጦ፣ አስተካክሎ፣ በትንሽ ብሎን እንደሚያስረው ነገረን። ከዚያ ማስፈራራት ሳይሆን ማስታወቅ ነው ብሎ ቀጠለ። «አብዛኛው ሰው ይሻለዋል። ጥቂቶች ላይ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ይጣመማል። አንዳንዱ ጣቱ ይገትራል፣ እንደ ልብ አይታጠፍለትም። አንዳንዱ ደግሞ የጣቱ ጎንና ሥሩ ይደነዝዛል፤ እዚያ የሚያልፍ ቀጭን ነርቭ አለ።»

«ይደነዝዛል ማለት አያመኝም ማለት ነው?» አለች እትዬ።

«እንደሱም ማለት ይቻላል።»

እትዬ ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። «እሱማ ምርቃት ነው» አለች፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሐኪሙም ፈገግ አለ፣ ምን ያድርግ። ምን እንደምትሠራ አልጠየቃት፣ እኛም አልነገርነው። የሚያመው ይደነዝዝ፤ ለእኛ ይህ ከሁሉ የተሻለው ክፍል ነበር። ከዚያ ወጥተን መንገድ ላይ ስለ ብሎኑ እየቀለድን ነው ቤታችን የገባነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉታል፣ እኛ ደግሞ ተነግሮን ነው ያልጠረጠርነው።

ቀዶ ጥገናው ያለችግር አለቀ። እትዬ እንጨት የመሰለ ድፍን ሶል ያለው የሐኪም ጫማ አድርጋ፣ በክራንች፣ ብዙ ጊዜ ቤት ተቀመጠች። ተቀምጣ የማታውቅ ሴት ስትቀመጥ ቤቱ ሲጠብብ አየሁ። ሽንኩርት ስከትፍ አከታተፌን ትነቅፋለች፣ ወለል ስጠርግ ጥግ ጥጉን ታሳየኛለች፣ ከዚያ ደግሞ «ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠ?» ትለኛለች። ማንም አልተቀመጠም እላታለሁ። እውነቴን ነበር፤ አባባ አቧራ እንዳይዛት ጨርቅ አልብሰዋታል።

ፋሻው ተፈትቶ፣ እብጠቱ ቀንሶ፣ እግሯን ያየሁ ዕለት አለቀስኩ። ጣቷ ቀጥ ብሏል። ጉብታው የለም፤ በቦታው ቀጭን ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። እናታችን ይህን ሳታይ መሞቷ ቆጨኝ። እትዬ ግን አላለቀሰችም፤ ጣቷን በሁለት ጣቶቿ ይዛ የሌላ ሰው ዕቃ የተሰጣት ይመስል አገላብጣ አየችው።

ወደ ሥራ በተመለሰችበት ቀን ሁሉም ተነስቶ አጨበጨበ። አባባ ፎርማውን እንደ ገና ጠርበውት ነበር፤ ከድሮው ጋር አንድ ዓይነት። አለቃ ለምሳ ሲወጣ እትዬ በቅንድቧ ጠራችኝና ፎርማዎቹና ካርቶኖቹ የሚቀመጡበት ዕቃ ክፍል ገባን። አዲስ ጫማ ይዛለች፣ ጥቁር፣ አፍንጫው ቀጭን። አደረገችው። በካርቶኖቹ መሃል ሄደች፣ ተመለሰች፣ በጣቷ ጫፍ ቆመች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«ምነው፣ አመመሽ?» አልኳት።

«አላመመኝም» አለች። ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። «ምንም አላለኝም። እግሬ እስከ መሃሉ ድረስ ጫማ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የለም። ይያዝ አይያዝ፣ ይላላ አይላላ፣ አላውቅም።»

ጫማውን ከእግሯ ላይ አውልቄ እኔ አደረግኩት፤ የእኔም እግር ሠላሳ ሰባት ነው፣ ከአንድ ማህፀን ነው የወጣነው። ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ከጣቴ ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ ስፌቱ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቆነጠጠኝ። ነገርኳት። ስትሰማኝ አንገቷን ነቀነቀች። ከሰዓት በኋላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ ሄደች፣ ደረጃ ወጣች፣ ወረደች፤ ከዚያም ሁሉ ሰው ዝም ብሎ እየሰማት «ከጣቱ ሥር ከውስጥ በኩል ይቆነጥጣል፣ ስፌቱ ትንሽ ይውረድ» አለች። አለቃ ደስ ብሎት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «እግርሽ ዳነ» አላት።

እንዲህ ሆነን ወራት ቆየን። አዲስ ጫማ ሲመጣ እኔ ዕቃ ክፍል ገብቼ አደርገዋለሁ፤ ለእሷ እነግራታለሁ፤ እሷ ለሕዝቡ ትናገራለች። እኔ «ያማል» ያልኳትን እሷ አሳምራ፣ ቦታ ቦታውን አስይዛ ነው የምትናገረው። ጫማዎቹ ጥሩ ነበሩ፣ ሱቆቹም መመለስ አቆሙ። እኔ ግን እያንዳንዱ ቀን ሰውነቴን ይበላው ነበር። ማጭበርበራችን አልነበረም የሚበላኝ፤ እኔ ለራሴ ያን ያህል ጻድቅ አይደለሁም። የምታየኝ ዐይን ነው። ከዕቃ ክፍሉ ስወጣ የምትጠብቀኝ ዐይን የለማኝ ዐይን ነበር። ያሳደገችኝ ሴት እንዲያ ስታየኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

አንድ ቀን ዕቃ ክፍል ውስጥ ጫማ ሳወልቅ የእግሬን ጎን ትክ ብላ አየች። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው።

«አንቺንም ጀምሮሻል» አለች።

«ማበጥ ነው፣ ይለቃል።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር» አለች፣ ተነስታም ወጣች።

ለቀጠሮ ሐኪሙ ጋ ስንሄድ ደነዘዘኝ ብለሽ ንገሪው ብዬ ወተወትኳት። ገባን። ሐኪሙ አዲሱን ፎቶ ከድሮው ጎን ሰቀለ፤ አጥንቱ ቀጥ ብሏል። ለመማር የመጡ ሁለት ወጣቶች አጠገቡ ቆመዋል፣ በኩራት አሳያቸው። «ያምዎታል?» አላት። አያመኝም አለች። «እንደ ልብ ይራመዳሉ?» እራመዳለሁ። «የፈለጉትን ጫማ ያደርጋሉ?» አደርጋለሁ። እያንዳንዱ መልስ እውነት ነበር። እኔ በክርኔ ጎሸም ሳደርጋት፦

«ጣቴ ግን አይሰማኝም» አለችው።

ሐኪሙ በላባ ብዕር ጫፍ በመሰለ ነገር ጠባሳውን፣ ጎኑንና ሥሩን ነካካ። ዐይኗን ጨፍና ነበር፤ «ጀምር እንጂ» አለችው፣ ነክቶ ከጨረሰ በኋላ። ወጣቶቹ ተያዩ።

«ነርቩ በጊዜ ይመለስ ይሆናል» አለ ሐኪሙ። «ላይመለስም ይችላል። ያኔ ነግሬዎታለሁ። ግን እንዲያ ሲያምዎት ከሚኖሩ ይሄ አይሻልም?»

እትዬ ካልሲዋን መልሳ አደረገች። እሱ ጥፋት አልነበረበትም፤ የጠመመውን አቅንቷል፣ የሚሆነውንም አስቀድሞ ተናግሯል። በሐኪም ቋንቋ እህቴ የዳነች ሴት ናት፤ ለተማሪ የምትታይ። ታዲያ እንዲህ ለዳነ ሰው ምን ተብሎ ይለቀሳል? አመስግነን ወጣን።

ነገሩ የተበላሸው ነጋዴዋ የመጣች ቀን ነው። ብዙ ሱቆች ያሏት፣ ስትገባ ሽቶዋ ከማስቲሹ ጋር የሚጣላ ሴት ናት። ሳይታሰብ መጣችና አዲሱን ነጭ ጫማ አሁኑኑ በእግር ላይ ልየው አለች። ጫማው ገና ከፎርማው እየወጣ ነበር። ፊቱ ክፍት ነው፣ ውስጡም ነጭ ቆዳ። አባባ በችኮላ አወጡት፣ በክንዳቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ለእትዬ ሰጧት። እሷ ወደ እኔ አየች። እኔ በመኪናዬ ላይ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ፤ አላደረግኩትም፣ አላውቀውም ማለቴ ነው። ገባት።

አደረገችው። በምንጣፉ ላይ ሄደች፣ በሸክላው ላይ ሄደች፣ ደረጃውን ወጥታ ወረደች፤ አካሄዷ ያማረ ነበር። ሴትዮዋ «እሺ?» አለች። እትዬ እዚህ ቤት ያረጀች ሰው ናት፤ በዐይኗ ብቻ ብዙ ታውቃለች።

«ተረከዙ ጋ ትንሽ ይላላል» አለች። «ሌላው ምቹ ነው። ከፊት በኩል ምንም አይይዝም።»

ነጋዴዋ ግን ፊቷን አልነበረም የምታየው። «እህት፣ እግርሽን እዪው» አለች።

ሁላችንም አየን። በነጩ ቆዳ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ ቀይ ነገር ወጥቶ ይሰፋል። ሸክላው ላይም በሄደችበት ሁሉ ነጠብጣብ ነበር። ጫማው ሲወጠር ሶሉን ከፎርማው ጋር የምትይዝ አጭር ሚስማር አለች፤ አባባ በችኮላ መንቀሏን ረስተዋታል። እትዬ በሚስማር ላይ ቆማ ነው «ምቹ ነው» ያለችው። ወደ ታች ከማየቷ በፊት እኔን አየችኝ፤ ፊቴ ላይ ያነበበችውን አንብባ ነው ጎንበስ ያለችው።

አባባ መሬት ላይ ተቀምጠው ጫማውን አወለቁላት። «ልጄን ወጋኋት፣ ልጄን ወጋኋት» ይላሉ። አለቃ መሃረቡን አውጥቶ እግሯን ጠቀለለው፣ ቀና ብሎም፦

«አልተሰማሽም?» አላት።

«አልተሰማኝም» አለች። «ከተቆረጥኩ ጀምሮ አይሰማኝም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ጫማውን ማን ሲያውቀው ነበር?»

እትዬ በአገጯ ወደ እኔ አሳየች። «እሷ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ኀፍረትም አልነበረም፤ ከባድ ዕቃ አውርዶ የሚያስቀምጥ ሰው ድምፅ ነበር። ነጋዴዋ ቦርሳዋን አነሳች፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ ብላ ወጣች።

አለቃ አልተቆጣም። አንድ ሁለት ቀን አሰበና ጠራኝ። ወንበሯን ለእኔ እንደሚሰጥ፣ እትዬም አጠገቤ ሆና የሚሰማኝን ለአባባ እንድታስረዳ ነገረኝ። «አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እሷ ትናገረዋለች። ሁለታችሁም እንጀራችሁ ላይ ትቆያላችሁ። አንቺ እንቢ ካልሽ ከውጭ ሰው አመጣለሁ፤ ያኔ ለእሷ የሚሆን ሥራ የለኝም» አለ። እውነቱን ነው፤ ማስቲሽ ለመቀባት ዐይኗ ደክሟል፣ መኪና ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

ቤት ገብተን ተጣላን። በሕይወታችን እንዲያ ተጣልተን አናውቅም።

«እሺ በይ» አለችኝ።

«አልልም።»

«ምን ሆነሽ?»

«እግሬን አልሰጥም፣ እትዬ። የእናታችንን አየሁ፣ የአንቺን አየሁ። ዛሬ ይጣመምና ነገ ይቆረጥና ከነገ ወዲያ ሚስማር ላይ ቆሜ ምቹ ነው ልበል? ይቅርብኝ።»

«ሁሉም እንደ እኔ አይሆንም። ሐኪሙ አብዛኛው ይሻለዋል ብሏል።»

«አንቺም እኮ ተሽሎሻል» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ መመለስ አልቻልኩም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንደ ዞረች፦

«እዚያ ባልሄድ የት እሄዳለሁ?» አለች። «ንገሪኝ እስቲ። ጠዋት ተነስቼ የት ነው የምሄደው?»

ልቤ ለሁለት ተከፈለ። እሷን እወዳታለሁ፤ እግሬንም እወደዋለሁ። አንዱን ልትሰጪ ነው ስባል ሌሊቱን ሙሉ አንዱን ለመምረጥ ሞክሬ፣ ጠዋት ላይ እግሬን መረጥኩ። ፊት ለፊት እንቢ ለማለት ግን ወኔ አጣሁ። ስለዚህ አንድ ዘዴ አሰብኩ፤ ዘዴውም እኔን ብልጥ አድርጎ ታየኝ።

ጠዋት ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። አለቃና አባባ ቆመዋል። እትዬ የተወጋ እግሯን ወደ ጎን ዘርግታ በአንድ ጉልበቷ ተንበረከከችና ጫማውን አደረገችልኝ። ቡናማ፣ ጠባብ ጫማ ነው። ገና ስነሳ ከአውራ ጣቴ ሥር፣ አጥንቴ መውጣት በጀመረበት ቦታ ላይ፣ እስከ ጉልበቴ የሚዘልቅ ሕመም ወጋኝ። ሸክላው ላይ ሄድኩ። ደረጃውን ወጣሁ፣ ወረድኩ። ፊቴን እንደ ድንጋይ አድርጌ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«እሺ፣ የት ነው?» አለ አለቃ።

«ምንም አይሰማኝም» አልኩ።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር፤ አለቃ ይህች ልጅ አትረባም ይላል፣ እኔም እንቢ ሳልል እተርፋለሁ። ቃሉ በእትዬ ጆሮ ምን እንደሚመስል አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ያሰብኩት ከተናገርኩት በኋላ ነው፣ አሁንም ተንበርክካ ቀና ብላ ስታየኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያንን ቃል በውሸት የተናገርኩት እኔ ብቻ ነኝ። እሷ ያንን ቃል ላለመናገር ብላ ወራት ሙሉ ዐይን ዐይኔን ስታይ ኖራለች።

ጫማውን አወለቀችልኝ፣ ካልሲዬንም አወለቀችው። ከጣቴ ሥር ያለው ቦታ ፍም ሆኗል። እግሬን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና አውራ ጣቷን እዚያው ቀይ ቦታ ላይ አድርጋ ተጫነችው። ቻልኩት። ይበልጥ ተጫነች። እኔም ጮህኩ።

«ይኸው፣ ስሜቱ አለሽ እኮ» አለች ቀስ ብላ። እጇን ግን አላነሳችም። «እያለሽ ነው የለኝም የምትዪኝ?»

ዐይኖቿ እንባ ሞልተው ነበር፣ የእኔም። አባባ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እትዬ እግሬን እንደያዘች ወደ አለቃ ቀና አለች።

«ከጣቱ ሥር ይነክሳል» አለችው። «ነገ ትጀምራለች።»

በማግስቱ ጀመርኩ።